አጎትዎ የጀመሩትን ስፒትፋየር እንዴት ይጨርሱታል?

ጥያቄ፦ «ክቡር የዓምዱ አዘጋጅ፤ በቅርቡ ያረፉት አጎቴ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሣጥን ያስቀመጡት የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን የፕላስቲክ ሞዴል በእጄ ገብቷል። መጠኑ 1 ለ 72 ነው። የአካሉን ግራና ቀኝ ግማሾች አጣብቀዋቸዋል፤ ነገር ግን አብራሪውን አላስገቡም፣ አፍንጫው ላይም ሁለቱ ግማሾች ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ተዛንፈዋል። ክንፎቹ ገና አልተነኩም። የአብራሪው መስታወት የሙጫ አሻራ አርፎበታል፤ ከማረፊያ እግሮቹ አንዱ ጠፍቷል፤ በውኃ የሚለጠፉት ምልክቶች ቢጫ ሆነዋል። የመመሪያ ወረቀቱ ተቀድዶ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። ሞዴል መሥራት የሚያውቅ ባልደረባዬ፣ ላዩ ላይ ጎልተው የወጡትን የቆርቆሮ መጋጠሚያ መስመሮች በሙሉ ፍቆ በተቀረጹ መስመሮች ካልተኩት ድካሙ ከንቱ ስለሆነ አዲስ መግዛት ይሻላል ይለኛል። ታናሽ እኅቴ ደግሞ አጎታችን እንደተዉት ይቀመጥ ባይ ናት። ልሥራው ወይስ ልተወው? ከሠራሁትስ ከየት ልጀምር? ምን ቀለም ልቀባው?» — የሣጥኑ ወራሽ

መልስ፦ ውድ የሣጥኑ ወራሽ፤ በአጎትዎ ሞት የተሰማኝን ሐዘን እየገለጽሁ በቀጥታ ወደ ጥያቄዎ እገባለሁ። ምክሬ ሞዴሉን እንዲሠሩት ነው፤ ነገር ግን የሙጫው ክዳን ከመከፈቱ በፊት የምትሠራው ምንድን ነው ተብለው ቢጠየቁ የሚመልሱት መልስ ሊኖርዎ ይገባል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1940 የበረረ አውሮፕላን አምሳያ ብቻ አይደለም፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሞልድ (ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ሠሪዎች ያንን አውሮፕላን ያዩበትና ሊቀርጹት የቻሉበት መንገድም ጭምር ነው። ስለዚህ ሥራዎን በአንድ መስፈርት ይምሩት፦ የመገጣጠሚያ ጉድለት የሠሪው ስለሆነ ይታረማል፤ የሞልዱ ጉድለት ግን የዘመኑ ስለሆነ፣ ዓይን ከሚያርፍባቸው ጥቂት ቦታዎች በቀር፣ እንዳለ ይቆያል። ከዚህ በታች የምነግርዎ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

የእኅትዎ ሐሳብ ከአክብሮት የመነጨ ነው፤ ይሁን እንጂ አጎትዎ ሙጫ ያነሡት ሊጨርሱት አስበው እንጂ ለመታሰቢያ ሊያስቀምጡት አልነበረም። ምንም ሳይነኩ በፊት ሣጥኑን ከነክዳኑ፣ የተጣበቀውን አካል ከየአቅጣጫው፣ የምልክቶቹንም ወረቀት በጥሩ ብርሃን ፎቶግራፍ ያንሡና ለእኅትዎ ይስጡ፤ ክዳኑና የመመሪያው ቅሪትም ይቀመጡ። ስለ ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚያስብ ካለም፣ ከፍ ያለ ዋጋ የሚሰጠው ማሸጊያው ላልተነካ ሣጥን ነው፤ የተጀመረ ሞዴል ይህ ዕድል የለውም፤ አሮጌ ሞልዶችም በየጊዜው በአዲስ ሣጥን እንደገና ስለሚወጡ ያንኑ ፕላስቲክ ማግኘት ብዙ ጊዜ ከባድ አይደለም። ከዚህ በላይ በዚህ ነጥብ መቆየት አያስፈልግም።

የባልደረባዎ ሐሳብ ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በብዙ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ዘንድ እንደ ሕግ የሚታይ ነው። አዳዲስ ሞዴሎች የበለጠ እንደሚገጥሙና ቅርጻቸውም ትክክል እንደሆነ አልክድም። ነገር ግን ጎልቶ የወጣ መስመር ሐሰት፣ የተቀረጸ መስመር እውነት ነው የሚለውን አባባል በስሌት ይፈትኑት። በ1 ለ 72 መጠን 0.1 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው መስመር በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ከ7 ሚሊሜትር በላይ የሚቆም ጠርዝ ይሆናል፤ ይህ በእርግጥ አልነበረም። ዘመናዊው ሞዴል ላይ ያለው 0.2 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቅርጽ ደግሞ ከ14 ሚሊሜትር የሚበልጥ ቦይ ይሆናል፤ እርሱም አልነበረም። ሁለቱም ዓይን እንዲያያቸው የተጋነኑ ምልክቶች ናቸው፤ ልዩነታቸው የዘመን ልማድ ነው። እንግዲህ መስመሮቹን ሁሉ ፍቆ እንደገና መቅረጽ፣ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው፣ ብዙ ሰዓት ወስዶ አንዱን ግነት በሌላ ግነት ከመተካት አያልፍም፤ መቅረጫው ከመስመሩ ከወጣ ደግሞ ከቀድሞው የባሰ ጠባሳ ይተዋል።

ስለ ጎላ ያሉት የብሎን ራሶች ግን፣ ማለትም በሙያው ሪቬት ስለሚባሉት፣ አንድ የሚገርም ታሪክ ልንገርዎ፤ ለውሳኔዎም ይጠቅማል። የስፒትፋየር መሐንዲሶች የትኛው ሪቬት ከቆርቆሮው ጋር እኩል ሆኖ መመታት እንዳለበትና የትኛው ራሱ ክብ ሆኖ ቢቀር ጉዳት እንደሌለው ማወቅ ስለፈለጉ፣ በለሰለሱት ሪቬቶች ላይ የአተር ክክ በሙጫ ለጥፈው አውሮፕላኑን አበረሩት፤ ከዚያም ክኩን በየክፍሉ እያነሡ ፍጥነቱ ምን ያህል እንደሚለወጥ ለኩ። ውጤቱም ክንፉ የግድ ለስላሳ መሆን እንዳለበት፣ በአካሉ ላይ ግን ክብ ራስ ያላቸው ሪቬቶች ብዙም እንደማይጎዱ አሳየ። ስለዚህ በእርስዎ ሞዴል ክንፍ ላይ የተዘሩት ሪቬቶች ስሕተት ናቸው፤ ቁጥሩ 600 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያራሱ ጥላቸው ብቻ እስኪቀር በቀስታ ያለስልሷቸው። ከአብራሪው ክፍል በስተኋላ ያሉትን ግን ጫፋቸውን ብቻ ነካ አድርገው ይተዉ። ባልደረባዎ ቢጠይቅዎ ምክንያት አለዎ።

ቀጥሎ የትኛው ስፒትፋየር እንደሆነ ይለዩ፤ የመመሪያው ግማሽ ስለጠፋ ይህን ከክፍሎቹ ማንበብ ይኖርብዎታል። ስፒትፋየር ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. መጋቢት 5 ቀን 1936 ሲሆን ከዚያ በኋላ እስከ ጦርነቱ ማግሥት ድረስ በብዙ ዓይነት ተሻሽሎ ከ20,000 በላይ ተሠርቷል። ፕሮፔለሩ ባለ ሦስት ምላስ ከሆነ፣ የጭስ ማውጫዎቹም በየጎኑ ሦስት ከሆኑ፣ በክንፉ ሥር ደግሞ በቀኝ በኩል አራት ማዕዘን የውኃ ማቀዝቀዣ፣ በግራ በኩል ትንሽ የዘይት ማቀዝቀዣ ብቻ ካለ፣ ከመጀመሪያዎቹ ዓይነቶች አንዱ ነው። ከክንፉ ፊት የሚወጣ የመድፍ አፈሙዝ ከሌለው ስምንት መትረየስ የነበረው የመጀመሪያው ዓይነት፣ ማርክ 1 ነው ብለው ሊሠሩት ይችላሉ። ባለ አራት ምላስ ፕሮፔለር፣ በየጎኑ ስድስት የጭስ ማውጫና በሁለቱም ክንፎች ሥር እኩል የሆኑ ማቀዝቀዣዎች ካገኙ ግን እ.ኤ.አ. በ1942 የመጣው ማርክ 9 ነውና የቀለሙ ምክሬ አይሠራም፤ እንደገና ይጻፉልኝ። የማርክ 1 የክንፍ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር፣ ርዝመቱ 9.12 ሜትር ነበር፤ በ1 ለ 72 ሲካፈል 156 ሚሊሜትርና 127 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል። በማስመሪያ ይለኩት። ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ይለፉት፤ ያ የሞልዱ ጉዳይ ነው።

አሁን ዋናው ውሳኔ። አንድ እግር ጠፍቷል፤ የአብራሪው ክፍል ባዶ ነው፤ አካሉ ተጣብቆ ስላለቀ ውስጡን በዝርዝር ማስጌጥ አይቻልም። እነዚህን ሦስቱን ለየብቻ ለመጠገን ከመነሣት ይልቅ አውሮፕላኑን እንደሚበር አድርገው ቢሠሩት ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈታሉ፦ እግሮቹ ታጥፈዋል፣ መስታወቱ ተዘግቷል፣ አብራሪውም ቦታው ላይ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ሞዴሎች ከነማቆሚያቸው ይሸጡ የነበረው እንዲህ ሆነው እንዲቆሙ ታስቦ ነው፤ ማቆሚያው ከሣጥኑ ውስጥ ከጠፋም ቀጭን ጠንካራ ዘንግ ይበቃል። ማቆሚያው የሚገባበትን ቀዳዳ ግን ክንፉ ከመጣበቁና ቀለም ከመቀባቱ አስቀድመው፣ ሚዛኑ ወደ አፍንጫው ወይም ወደ ጭራው እንዳያደላ በጣትዎ ላይ አስቀምጠው ከፈተሹ በኋላ ይብሱት።

እግሮቹን ሲያጥፉ ሰው የሚዘነጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው፣ የስፒትፋየር እግሮች ወደ ውጭ፣ ወደ ክንፉ ጫፍ አቅጣጫ ነበር የሚታጠፉት፤ የእግሩ መዝጊያ የሚሸፍነውም እግሩንና የጎማውን ከፊል ብቻ ነው። ስለዚህ ጎማዎቹን አይጣሉ፤ በክንፉ ሥር ባለው ክብ ጉድጓድ ውስጥ ያስገቧቸውና የውጨኛው ክፍላቸው እንዲታይ ያድርጉ። ሁለተኛው፣ የማርክ 1 የጭራ ጎማ አይታጠፍም ነበር፤ አውሮፕላኑ በአየር ላይ ሳለም ወደ ታች እንደወጣ ይቀራል። እርሱንም «እየበረረ ነው» ብለው እንዳያነሡት።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ መጀመሪያ ክፍሎቹን ሁሉ ለብ ባለ ውኃና በፈሳሽ ሳሙና ይጠቡ፤ ፋብሪካው ፕላስቲኩ ከሞልዱ እንዲላቀቅ የሚጠቀምበት ቅባትና የዓመታት አቧራ ካልወጣ ቀለም አይዝም። ክፍሎቹን ከተያያዙበት ዘንግ በእጅ አይቀንጥሱ፤ በሹል መቁረጫ ከክፍሉ ትንሽ ራቅ አድርገው ይቁረጡና ትርፉን በሞረድ ያስተካክሉ። የተጣመመ ክንፍ ካለ፣ ፈልቶ ጥቂት በበረደ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች ነክረው በጠፍጣፋ ነገር ላይ በእጅዎ ያቃኑት፤ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይክተቱት።

የአፍንጫው መዛነፍ ብዙ ሰው ከሚፈራው በታች የሚያስቸግር ነው። የአጎትዎ ሙጫ ፕላስቲኩን ከሁለቱም ወገን አቅልጦ አዋሕዶታል፤ እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ በጉልበት ሲለያይ የሚሰበረው ከሙጫው ላይ ሳይሆን ከጎኑ ስለሆነ ለመክፈት አይሞክሩ። ግማሽ ሚሊሜትር በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ 36 ሚሊሜትር የሚያህል እርከን ነውና ትተውት ማለፍም አይቻልም። ከፍ ያለውን ወገን ቁጥሩ 400 በሆነ የብርጭቆ ወረቀት እያራሱ ዝቅ ያድርጉ፤ እርከኑ ግማሽ ያህል ሲቀንስ ዝቅ ባለው ወገን ላይ የሞዴል ስቱኮ በስሱ ይቀቡ። ስቱኮ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በአንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ ከመሙላት ሁለት ሦስት ስስ ንብርብር፣ በየመካከሉ አንድ ቀን እየጠበቁ ማልበስ ይሻላል። በመጨረሻ በ600፣ ቀጥሎም በ1000 ይጨርሱ። ዓይንዎን አይመኑ፤ መብራት ከጎን አስጠግተው ጥፍርዎን በመገጣጠሚያው ላይ ያሻግሩ፤ ጥፍርዎ ከተያዘ ቀለሙ ያሳብቃል። እርጥብ አድርጎ መፋቅ የብርጭቆ ወረቀቱን ዕድሜ ከማራዘሙም በላይ ብናኙ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ያደርጋል፤ ሙጫና ቲነርንም መስኮት በተከፈተበት ክፍል ብቻ ይጠቀሙ።

አብራሪውን ከላይ ለማስገባት አይታገሉ። የዚህ ዓይነት ሞዴል አካል ክንፉ በሚገባበት ቦታ ሆዱ ክፍት ነው፤ አብራሪውን ቀብተው ካዘጋጁ በኋላ ከሥር አስገብተው ራሱ በመስታወቱ ቦታ ልክ እስኪታይ ድረስ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ያስተካክሉት። የሚቀመጥበት ከሌለ ከትርፍ ፕላስቲክ ትንሽ መደገፊያ ቆርጠው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ይለጥፉለት። የክፍሉን ውስጥ ወደ ግራጫ በሚያደላ አረንጓዴ፣ አብራሪውን በሰማያዊ ግራጫ ልብስና በቡናማ የቆዳ የራስ ቁር ይቀቡ፤ መስታወቱ ሲዘጋ ከዚህ በላይ ዝርዝር የሚያይ የለም።

በክንፉ ላይ ግን ጊዜዎን አይቆጥቡ፤ ስፒትፋየርን ስፒትፋየር የሚያሰኘው ስስ የሆነው ሞላላ ክንፉ ነውና። የአሮጌ ሞዴሎች ትልቁ ጉድለት የክንፉ የኋላ ጠርዝ ውፍረት ነው፤ 0.8 ሚሊሜትር ውፍረት በእውነት ሲሰላ ወደ 58 ሚሊሜትር ይመጣል፤ እንደዚህ ያለ ጠርዝ በዚያ አውሮፕላን ላይ አይታሰብም። ክንፎቹ ገና ስላልተጣበቁ ዕድለኛ ነዎት፦ የላይኛውንና የታችኛውን ክፍል የውስጥ ገጽ፣ ጠርዙ አጠገብ፣ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በተዘረጋ የብርጭቆ ወረቀት ላይ እያሹ ያሳሱ፤ ሁለቱ ሲገጠሙ ጠርዙ እንደ ምላጭ ባይሆንም እንደ ወረቀት ካርድ ይቀጥናል። ከውጭ በኩል ምንም ስላልተነካ የክንፉ ቅርጽ አይበላሽም።

ሁለተኛው የክንፍ ጉዳይ ቀና ማለቱ ነው። የስፒትፋየር ክንፍ ከአግድም መስመር 6 ዲግሪ ወደ ላይ ያዘነብል ነበር፤ በእርስዎ ሞዴል ከሥሩ እስከ ጫፉ 70 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ክንፍ ላይ ይህ ጫፉን ከሥሩ በ7 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ያደርገዋል። አሮጌ ሞዴሎች ላይ ክንፉ ብዙ ጊዜ ተዘርግቶ ጠፍጣፋ ይቀራል፤ በሩቅ የሚያይ ሰው ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር እንደጎደለ ይሰማዋል። ሙጫ ሳይቀቡ ክንፉን ከአካሉ ጋር ገጥመው በደረቁ ይለኩ፤ ጠፍጣፋ ከሆነ ከአንዱ ክንፍ ጫፍ በአካሉ ጀርባ ላይ አልፎ እስከ ሌላው ጫፍ የሚደርስ የወረቀት ፕላስተር ይወጥሩና ሁለቱም ጫፎች እኩል ከፍታ ላይ እስኪደርሱ ይሳቡት። ከዚያ በኋላ ብቻ ፈሳሹን የሞዴል ሙጫ በቀጭን ብሩሽ ጫፍ ወደ መገጣጠሚያው ያስነኩ፤ ፈሳሹ ራሱ ስንጥቁን እየተከተለ ይገባል። መጀመሪያ ከላይ ያለውን፣ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ያጣብቁ፤ ክፍተት የሚተርፍ ከሆነ ከሆዱ በኩል ይትረፍ፤ እዚያ በስቱኮ መሙላት ይቀላል፣ የሚያየውም ጥቂት ነው። ፕላስተሩን እስከ ማግሥቱ አያንሡ።

መስታወቱን ለመጠገን መጀመሪያ የሙጫው አሻራ ጥልቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ይዩ። ላዩን ብቻ ያጠቃው ከሆነ በ1000፣ ከዚያም በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በብዙ ውኃ በስሱ አሽተው፣ በመጨረሻ በጥጥ ላይ ባደረጉት ተራ የጥርስ ሳሙና በትዕግሥት ይወልውሉት፤ መሐል ላይ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኖ ሲያዩት አይደንግጡ፣ ውልወላው ይመልሰዋል። ከዚያ ብሩህ ውኃ መሰል ቫርኒሽ ውስጥ ነክረው ክዳን ባለው ዕቃ ሥር ያድርቁት። ማጣበቂያው ነጭ ኮላ ይሁን። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚተነው እንፋሎት መስታወቱን ከውስጥ እንደ ጉም ያለብሰዋል፤ የሞዴሉ ሙጫም አጎትዎን የገጠማቸውን ያደርስብዎታል።

ቀለሙን የሚወስነው የምልክቶቹ ወረቀት ስለሆነ ከመቀባትዎ በፊት እርሱን ያንብቡ። የእንግሊዝ ተዋጊዎች ላይኛው ገጽ በጦርነቱ መጀመሪያ ዓመታት ጥቁር አረንጓዴና የአፈር ቡናማ ነበር። ሆዳቸው ግን ተለዋውጧል፦ ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ የግራው ክንፍ ሥር ጥቁር፣ የቀኙ ነጭ ሆኖ ቆይቶ ከሰኔ 1940 ጀምሮ «ስካይ» ወደተባለው፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፈዛዛ ቀለም ተሸጋገረ። በአካሉ ጎን ያለው ክብ ምልክት ዙሪያውን ቢጫ ቀለበት ካለውና በጭራው ቋሚ ክንፍ ላይ ባለ ሦስት ቀለም ምልክት ከተሰጠ ከግንቦት 1940 ወዲህ ነው። በጭራው አጠገብ አካሉን የሚዞር የስካይ ቀለበት ካለና የፕሮፔለሩ ቆብ በዚሁ ቀለም ከታዘዘ ደግሞ ከ1940 ማብቂያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ቢጫ ቀለበት ኖሮ የጭራ ቀለበት ከሌለ፣ አውሮፕላንዎ የ1940ው የብሪታንያ የአየር ውጊያ ላይ የነበረ ነውና ሆዱ ስካይ፣ የፕሮፔለሩ ቆብ ጥቁር ይሁን። እነዚህ የቀን ገደቦች የትእዛዝ ቀኖች ናቸው፤ ቀቢዎቹ በየጣቢያው በአንድ ሌሊት አልፈጸሟቸውም፤ በቀን አንድ ልዩነት ላይ ለሚከራከርዎ ሰው ጊዜ አይስጡ። አረንጓዴና ቡናማው የሚሰባጠሩበት ንድፍም አንዱ የሌላው የመስታወት ግልባጭ የሆነ ሁለት ዓይነት ስለነበረ፣ ያገኙት ፎቶግራፍ ከመመሪያው ቢገለበጥ አይደናገሩ።

በአጎትዎ ሣጥን ውስጥ የቀለም ጣሳዎች ካሉ አይጠቀሙባቸው፤ በዚያ ዘመን አንዳንድ የኢናሜል ቀለሞች እርሳስ ነበረባቸውና ከልጆች አርቀው ያስቀምጧቸው። በብሩሽ የሚቀቡ ከሆነ ፈዛዛውን ቀለም አስቀድመው፣ ጥቁሩን አስከትለው፣ እያንዳንዱን በሁለት ወይም በሦስት ስስ ልባስ ይቀቡ። አንዱ ልባስ ሳይደርቅ ብሩሹን መልሰው ካሳለፉበት ሥሩን ይነቅለዋል። ኤርብራሽ (ቀለም በአየር ግፊት የሚረጭ መሣሪያ) የግድ አይደለም፤ በዚህ መጠን በቀለሞቹ መካከል የጠራ ወሰን ቢኖር አያሳፍርም።

የቢጫዎቹ ምልክቶች ነገር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ወረቀቱን በግልጽ ፕላስቲክ ከረጢት አድርገው፣ የታተመበት ገጽ ወደ ውጭ እንዲያይ፣ ፀሐይ በሚያገኝ የመስኮት መስታወት ላይ በፕላስተር ይለጥፉት፤ ከቀናት እስከ ሳምንታት ባለ ጊዜ ውስጥ ቢጫነቱ እየለቀቀ ይሄዳል። በየቀኑ ይመልከቱት፤ ቀይ ቀለሙ መፍዘዝ ከጀመረ ያውርዱት። ቀጥሎ የማይፈልጉትን አንድ ትንሽ ጽሑፍ ቆርጠው ውኃ ውስጥ ይሞክሩ። ሳይሰነጠቅ ከወረቀቱ ከተንሸራተተ ሌላውም ይሠራል። ከተበታተነ በወረቀቱ ሁሉ ላይ ብሩህ ቫርኒሽ በስሱ ረጭተው ይድረቅ፤ ይህ አዲስ ቆዳ ይሆንለታል፤ ነገር ግን ቆዳው ወረቀቱን ሁሉ የሸፈነ አንድ ወጥ ስለሚሆን እያንዳንዱን ምልክት ጠርዙን ተከትለው በመቀስ መቁረጥ አለብዎ። ሞዴሉም ራሱ ምልክቱ ከመለጠፉ በፊት በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ መቀባት ይገባዋል፤ ሸካራ ገጽ ላይ ከተለጠፈ ከሥሩ አየር ይቀርና እንደ ብር ያብለጨልጫል። ጎልተው በወጡት መስመሮች ላይ አልተኛ ካለ ጥቂት ነጭ ኮምጣጤ በብሩሽ ያስነኩት፤ ይለሰልስና ይቀመጣል። በክቦቹ መሐል ያለው ቀይ ነጥብ ከመሐል ወጥቶ ታትሞ ከሆነ፣ ይህ በዚያ ዘመን የተለመደ ነበር፤ ክቦቹን ብቻ አዲስ ገዝተው የቡድኑን ፊደላትና የመለያ ቁጥሩን ከአጎትዎ ወረቀት ይውሰዱ። ሁሉም በቦታው ሲሆን ደብዛዛ ቫርኒሽ ይርጩበትና ቀለም እንዳይነካው መስታወቱን የሸፈኑበትን ፕላስተር ያንሡ።

የቀረው የሬዲዮው ሽቦ ነው። በማርክ 1 ላይ ከአብራሪው ኋላ ከቆመው ምሰሶ እስከ ጭራው ቋሚ ክንፍ የሚዘረጋ ሽቦ ነበር፤ ቪኤችኤፍ የተባለው አዲስ ዓይነት ሬዲዮ ሲገባ ሽቦው ቀረ፤ ስለዚህ እስከ 1940 የአውሮፓ በጋ ለሚሠራ አውሮፕላን ሽቦውን ያድርጉለት። ክፍሎቹ ተያይዘውበት ከነበረው ዘንግ አንድ ቁራጭ በሻማ ነበልባል አናት ላይ፣ እሳቱን ሳያስነኩ፣ እያዞሩ ያሙቁት፤ ለስልሶ መንጠባጠብ ሳይጀምር ከእሳቱ አውጥተው ሁለቱን ጫፎች በእርጋታ ይሳቡ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ይወጣል። በሁለቱም ጫፍ በነጭ ኮላ ጠብታ ይያዝ። ኮላው ደርቆ ክሩ ከረገበ፣ አሁን የጠፋ ክብሪት ጫፍ ከአንድ ሴንቲሜትር ሳያስጠጉ ከሥሩ ያሳልፉለት፤ ራሱ ይወጠራል። ከዚያ በላይ ካስጠጉት ይበጠሳልና ሁለት ሦስት ክር በትርፍ ስበው ያስቀምጡ።